የጊዮርጊስ ዕለት ዝናብ

«ሃያ ሦስትን አቀብይኝ» አለች ሊድያ ወንበር ላይ ቆማ፣ ሙጫ የነካ ጣቷን ዩኒፎርሟ ላይ እየጠረገች።

ባንቻየሁ ወረቀቷን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀረች። ለስምንት ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለክታ የተቆረጠች ሰማያዊ ወረቀት ናት። ከእሷ በፊት የነበሩትን ሃያ ያህል ወረቀቶች እየሳቁ ሲቀባበሉ ነበር የቆዩት።

«ባንቺ፣ ተኛሽ እንዴ? ነገ የወላጆች ቀን ነው እኮ።»

«እንኪ» አለችና ሰጠቻት።

ወረቀቷ ሰንጠረዡ ላይ ተለጠፈች። ሃያ አራት ዜሮ፣ ሃያ አምስት ስድስት፣ ሃያ ስድስት አምስት እያሉ ቀጠሉ። የመጨረሻዋ ከተለጠፈች በኋላ ሊድያ ከወንበሩ ወርዳ፣ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄዳ ተመለከተች። «ቀሽት ነው» አለች። «ጎንደር ገባን በይ።»

እውነትም ያምር ነበር። ሰንጠረዡ አራት ትልልቅ ወረቀት ተቀጣጥሎ የተሠራ ሲሆን የስምንተኛ ክፍልን ግድግዳ ግማሹን ይዞታል። ከመጋቢት አንድ እስከ ግንቦት ሠላሳ፣ ዘጠና ቀን፣ ደረቁም ቀን ዜሮ ተጽፎበት አንድም ባዶ ቦታ የለውም። ነገ ከሁሉም ክበብ የበለጠ ሥራ ያቀረበው ጎንደር ለሚደረገው የተማሪዎች ዐውደ ርዕይ ይሄዳል። ባንቻየሁ ጎንደርን አይታ አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት መጨረሻ ነው። የሳይንስ መምህሩ ሀብተ ሚካኤል አንድ ቀን ባዶ ሃይላንድ ይዘው ክፍል ገቡ። የፕላስቲኩን አንገት ቆርጠው፣ ገልብጠው መልሰው ከተቱበት፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ በፕላስተር አሰሩና «ይኸው የዝናብ መለኪያ» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ከክፍሎቹ ጀርባ፣ አጥሩ አጠገብ፣ እንጨት ተክለው አቆሙት። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ውሃ እንደያዘ አይቶ መጻፍ፣ ከዚያ ውሃውን መድፋት፤ ሥራው ይኸው ነው።

«አንድ ነገር ብቻ አደራ» ብለው ነበር። «ካልለካችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ አያሳፍርም። እናንተ የቀራችሁበትን ቀን ዝናቡ እንደቀረ አድርጋችሁ እንዳትጽፉብኝ።»

ስድስት ልጆች ተመዘገቡ። የደባርቅ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ በዚያ ማለዳ ከብርድ ልብስ የሚያስወጣ የሳይንስ ፍቅር ያለው ሰው ጥቂት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ ወደ እግር ኳስና ወደ ድራማ ክበብ ተበተኑ። የቀሩት ሊድያና ባንቻየሁ ናቸው። ሊድያ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ድምፅ ናት፤ ማይክ ስትጨብጥ ዳይሬክተሩ እንኳ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ማለዳ መነሳት ግን ሞቷ ነው። ባንቻየሁ ተቃራኒዋ ናት፤ ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፣ ዶሮ ሳይጮህ ግን ነቅታለች። ስለዚህ መለካቱ የባንቻየሁ፣ መናገሩ የሊድያ ሆነ። ሊድያም በየሰኞው ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የሳምንቱን ዝናብ አንብባ ስትጨርስ «እስካሁን አንድም ቀን አልቀረንም» ትላለች። ተማሪው ሲያጨበጭብ ባንቻየሁ ከሰልፉ ኋላ ሆና አንገቷን ትደፋለች፤ ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም።

እንግዲህ ጣጣውም ከዚህ መጣ። ባንቻየሁ የድብ ባሕር ልጅ ናት። ደባርቅ የምትኖረው ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ሲሆን፣ በሶዋና ሽሮዋ ሲያልቅ አገሯ ሄዳ ስንቅ ታመጣለች። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ፣ ጊዮርጊስ ነበርና እስከ ሰኞ ትምህርት አልነበረም። በሶዋም አልቋል፣ እናቷም ናፍቃታለች፤ ረቡዕ ከትምህርት እንደወጣች ተሳፈረች። «አርብ እመለሳለሁ» ያለችው ልጅ የተመለሰችው ሰኞ ማለዳ ነው። ከመሄዷ በፊት «ሊዱ፣ እነዚህን ቀናት አንቺ ለኪልኝ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። «አንድም ቀን አልቀረንም» የሚለው ነገር የእሷ ነበር፤ ለማንም ማካፈል አልፈለገችም።

ሰኞ መለኪያው ውስጥ ያገኘችው አሥራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ውሃ ነው። መቼ እንደጣለ አታውቅም። መምህር ሀብተ ሚካኤል ለበዓሉ ዳባት፣ ቤተሰባቸው ዘንድ ሰንብተዋል፤ የሚጠይቃት አልነበረም። ባዶ ልትተወው ብዕሯን አነሳች፤ እጇ እምቢ አላት። አሥራ ዘጠኙን ለአራቱ ቀን አካፈለችው፤ ሐሙስ ስምንት፣ ቅዳሜ ስድስት፣ እሑድ አምስት። አርብን ዜሮ ያደረገችው እውነት እንዲመስል ነው። ድምሩ ልክ ስለሆነ ማንንም አልጎዳሁም ብላ ራሷን አጽናናች፤ ከዚያም ረሳችው። ቢያንስ የረሳችው መስሏት ነበር።

በወላጆች ቀን ትምህርት ቤቱ ሌላ መስሎ ዋለ። ከበሩ እስከ ሜዳው በተማሪ እጅ የተቆረጠ ባለቀለም ወረቀት ተንጠልጥሏል። የድራማ ክበብ ልጆች የሽቦ ቀንድ ደፍተው ዋልያ ሆነዋል፤ አንዷ ዋልያ ቀንዷ እየወለቀ ተመልካቹን ከዘፈኑ ይልቅ እሱ አሳቀው። የአሥረኛ ክፍሉ ቃለ አብ ከካርቶንና ከአምፖል የጫጩት መፈልፈያ ሠርቶ አምጥቷል። መብራት ሲጠፋ እንቁላሎቹን በአባቱ ጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ቁጭ አለና «አሁን ሥራው በእጅ ሆኗል» እያለ ለጎብኚው ያስረዳ ነበር። ከገጠር የመጡ ወላጆች ልጆቻቸው የሠሩትን እያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ምንም ያላደረገ ክፍል አልነበረም። ያን ቀን ያን ትምህርት ቤት አይቶ ያልኮራ ሰው ካለ እሱ ራሱ ሳይተኛ አልቀረም።

ስምንተኛ ክፍልም በሰው ተሞላ። ሊድያ በረጅም እንጨት እየጠቆመች ታስረዳለች፣ ባንቻየሁ ደብተሩን ይዛ አጠገቧ ቆማለች። ከእንግዶቹ መካከል ለክበባቱ ነጥብ የሚሰጡት የግብርና ባለሙያዋ ወይዘሮ የሺወርቅ ነበሩ። ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እውነት ለመናገር፣ በዚህ በኩል የሚለካልን ሰው የለንም» አሉ። «አሁን በረዶ መታን የሚሉ ገበሬዎች አሉ፤ ዘር እንዲሰጣቸው እየመዘገብን ነው። አንዱ ጥሏል ይላል፣ ሌላው አልጣለም ይላል፤ ግራ ገብቶናል። እናንተ ዘጠና ቀን ሙሉ ስትለኩ ኖራችኋል። ጉድ ናችሁ።»

ሊድያ ባንቻየሁን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ከሰው ኋላ አያ ቢራራ ቆመው ነበር። ማሳቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ የመጡት ሁለተኛ ክፍል ያለችውን የልጅ ልጃቸውን መዝሙር ለመስማት ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘው ቀረብ አሉ።

«እስቲ ልጄ፣ የሚያዝያው ጊዮርጊስ የቱ ላይ ነው?» ብለው ባንቻየሁን ጠየቋት።

መጀመሪያ አልገባትም። ቆይቶ ገባት፤ አያ ቢራራ ወሩን የሚያውቁት በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው። የሚያዝያ ሃያ ሦስትን ወረቀት በጣቷ ነካች።

«ይህች ሰማያዊ ምንድን ናት?»

«ዝናብ ናት አያ ቢራራ» አለች ሊድያ ቀድማ። «ስምንት ሚሊ ሜትር።»

«በጊዮርጊስ?» አሉ ሽማግሌው። «በጊዮርጊስስ ፀሐይ ነበረ። ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ጠብ አላለም። በረዶው የመጣ በሦስተኛው ቀን፣ በመርቆሬዎስ ነው፤ ቅዳሜ፣ ቀትር ካለፈ ወዲያ። ባቄላ ባቄላ የሚያህል ነበረ። የበልግ ገብሴን አንጥፎት ሄደ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ቅዳሜ እዚህ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው የሚለው» አሉ በቀስታ። «ስድስት ሚሊ ሜትር እኮ መጠነኛ ዝናብ ነው አያ ቢራራ። ገብስ የሚያነጥፍ አይደለም።»

ባንቻየሁ ደብተሩን በሁለት እጇ ጨብጣ አያ ቢራራ እንዲከራከሩ ጠበቀች። ቢከራከሩ ይሻላት ነበር።

«እንግዲህ ወረቀቱ ካለ» አሉ አያ ቢራራ፣ ኮፍያቸውን በጣታቸው እያዞሩ። «እኔም ሸምግያለሁ፤ ቀኑን አዛብቸው ይሆናል። ልጆቹ በየቀኑ እያዩ ጽፈውታል፣ የተማረ ያውቃል።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የባንቻየሁን ራስ ዳበስ አደረጉ። «እደጊ። እንዲህ ነው እንጂ መማር።»

ወጡ። ወይዘሮ የሺወርቅም ማስታወሻቸውን እየዘጉ «ከሰዓት በኋላ ነጥብ ልንሰጥ ስንመለስ የዚህን ቅጂ ትሰጡኛላችሁ፤ ከሪፖርቴ ጋር አያይዘዋለሁ» ብለው ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፉ።

«ሪፖርት ላይ ልንገባ ነው» አለች ሊድያ። ደስታው ሊያዘልላት ደርሷል።

«ሊዱ፣ የጊዮርጊስ ሳምንት ቅዳሜ ዝናቡ እንዴት ነበር?»

«ምኑን አውቄ? ዘነበ፤ እማዬ ልብስ አስገቢ አለችኝ፣ አስገባሁ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ... እንጃ። ማን ይቆጥረዋል?» አለች ሊድያ። ቤታቸው ከገበያው ማዶ ነው፤ በረዶ ደግሞ የራሱን መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የአንዱን ማሳ መትቶ የጎረቤቱን ይዘለዋል። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የለካሽው?»

ባንቻየሁ ደብተሩን ይዛ ወጣች።

አያ ቢራራን ያገኘቻቸው ከክፍሎቹ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ለልጅ ልጃቸው ዳቦ ሲቆርሱላት ነው። የዝናብ መለኪያው ከእሳቸው አሥር እርምጃ አይርቅም። ከአጥሩ ማዶ ማሳው ይታያል። ባንቻየሁ በየማለዳው እዚህ ስትቆም ዓይኗ ማስመሪያው ላይ ብቻ ነበር፤ ማሳውን ልብ ብላ ያየችው አሁን ነው። ገብሱ መሬት ላይ ተኝቶ ጠቁሯል፤ እዚህም እዚያም ዘግይታ የበቀለች አረንጓዴ ትታያለች።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉና ከዳቦው ቆርሰው ሰጧት።

«አያ ቢራራ፣ የዘንድሮውን ዝናብ ሁሉ ያስታውሱታል?»

«ምን ሥራ አለኝና?» አሉ ሳቅ ብለው። «ገበሬ ዝናብ ካልቆጠረ ምን ሊቆጥር ነው?» ከዚያም እንደ ዳዊት ደጋሚ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። «በመጋቢት በባታ ካፊያ ብቻ ጣለ፣ አቧራም አላስተኛ። እስከ ኪዳነ ምሕረት ደረቅ ሆነ። በመድኃኔዓለም ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። በሚያዝያ በአቦ ማለዳ ጣለ፣ ቶሎ አባራ። በገብርኤል ነጎድጓዱ ብቻ ነበረ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።»

ባንቻየሁ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ገልጣ በጣቷ ተከተለቻቸው። መጋቢት ሦስት፣ አንድ ሚሊ ሜትር። እስከ አሥራ ስድስት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር። ሚያዝያ አምስት፣ አራት። አሥራ ዘጠኝ፣ ዜሮ። ደብተሯ ከእሳቸው አፍ እየተሰማ የተጻፈ ይመስል ነበር። ብዕር አልያዙ፣ ማስመሪያ የላቸው፤ ሽማግሌው የሁለት ወር ሰማይ በራሳቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም። ባንቻየሁ ጎበዝ ተማሪ ብዙ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አላየችም።

«ከዚያስ?» አለች።

አያ ቢራራ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከዚያ ወዲህ ያለውን እንኳ እንጃ» አሉ። «ዛሬ ተጠራጠርሁ። ጊዮርጊስን ከሳትሁት ሌላውንስ ማን ያውቃል? ይህ ራስ አላበቃለትም ትያለሽ?»

ባንቻየሁ ደብተሩን ዘጋች።

«አልሳቱትም» አለች። «እኔ ነኝ። በጊዮርጊስ እዚህ አልነበርሁም፤ ድብ ባሕር ነበርሁ። አራት ቀን አልለካሁም። ሰኞ ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ውሃ አገኘሁና ለአራቱ ቀን አካፈልሁት። ከራሴ ነው የጻፍሁት።»

አያ ቢራራ የያዙትን ዳቦ አላመጡ፣ ዋጡ፣ ወደ ማሳቸው ተመለከቱ። ባንቻየሁ ቁጣ ጠበቀች።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ በመጨረሻ። «የኔ በረዶ አሥራ ዘጠኝ ነበረ በይኛ።» ፊታቸው ፈካ አለ። «ተመስገን። እኔስ መጃጀት የጀመረኝ መስሎኝ ደንግጨ ነበር። ለሚስቴ ምን ብየ ልንገራት እያልሁ ነበር የተቀመጥሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ አያ ቢራራ።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አንች ልጅ፣ ለኔ ነገርሽኝ፤ ይበቃኛል። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆመሽ አትዋረጅ። ጓደኛሽም ደስ ብሏታል፤ ሽልማታችሁን አታበላሹ። ገብሱ እንደሆን ከተኛ ቆየ፤ ዘር ከዘመድም አይጠፋ።»

የሚሉት ከልባቸው ነው። ባንቻየሁን የባሰ ያቃጠላትም ይኸው ነው። ቢቆጧት እልህ ይይዛት ነበር፤ እሳቸው ግን መውጫውን በር ከፍተው ሰጧት። በዚያ በር ብትወጣ የሚያውቅባት አንድም ሰው የለም። ማሳውን እንደገና አየችና ተነሳች።

ሜዳው ላይ ሚኒ ሚዲያው ነጥብ ሰጪዎቹ የመጨረሻ ዙር እንደጀመሩ ያስታውቃል። ባንቻየሁ ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ ወንበሩን ስባ ወጣችና የሚያዝያ ሃያ ሦስትን ወረቀት ላጠች። ቀጥላ ሃያ አምስትን። ሙጫው ደርቆ ስለነበር ነጩን ወረቀት ይዞ ተቀደደ።

«አበድሽ?» ሊድያ እጇን ያዘቻት። «ምን እያደረግሽ ነው?»

ባንቻየሁ ነገረቻት። ሁሉንም፣ አርብን ዜሮ ያደረገችበትን ጭምር። ሊድያ እጇን ለቀቀች። ፊቷ ቀላ።

«በየሰኞው ማይክ ይዤ 'አንድም ቀን አልቀረንም' ስል ከሰልፉ ኋላ ሆነሽ ትሰሚኝ ነበር» አለች። «አንዴ እንኳ አልነገርሽኝም። ሼም ነው ባንቺ።»

«አውቃለሁ።»

«ነግረሽኝ ቢሆን እኮ እኔ እለካልሽ ነበር። እንቅልፌን ትቼም ቢሆን።»

«አውቃለሁ ሊዱ።»

ሊድያ ጀርባዋን ሰጥታት መስኮቱ ጋ ቆመች። ባንቻየሁ እሑድንም ላጠች፤ የአርብን ዜሮም ፋቀች። በሰማያዊው መሀል አራት ቀን የሚያህል ነጭ ክፍተት ተፈጠረ፤ ጠርዙ የተቀዳደደ፣ ከበር የሚታይ። ከወንበሩ ስትወርድ መምህር ሀብተ ሚካኤል በሩ ላይ ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አይታወቅም። ሰንጠረዡን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ከደረት ኪሳቸው ጥቁር ማርከር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከኋላ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

ባንቻየሁ ማርከሩን ከፈተች። በክፍተቱ ውስጥ «አልተለካም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «የአራቱ ቀን ድምር 19 ሚ.ሜ.» አለች። ትንሽ አሰበችና ከእሱ ሥር ጨመረች፦ «ሚያዝያ 25፣ በመርቆሬዎስ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በረዶ ጥሏል። ያዩት አያ ቢራራ።»

ኮሪደሩ ላይ የእንግዶቹ እግር ተሰማ። ሊድያ ከመስኮቱ ዞረች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ የተጻፈውን አነበበች፣ ደግማ አነበበች። መጠቆሚያውን እንጨት አነሳች።

«ይህን ደግሞ ምን ብዬ ነው የማቀርበው?»

«አንቺ አታቀርቢውም» አለች ባንቻየሁ። እጇን ዘረጋች። «እኔ ላቅርበው።»

ሊድያ ትንሽ አመነታችና እንጨቱን ሰጠቻት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ቆየት ብላ አንዱን እርምጃ መልሳ አጠገቧ ቆመች።

ወይዘሮ የሺወርቅ ማስታወሻቸውን ይዘው ገቡ፣ ከእሳቸው ኋላ ዳይሬክተሩ፣ ከዚያ ሌላው ሰው። አያ ቢራራ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ። የባንቻየሁ ምላስ እንደ ልማዱ ሊተሳሰር ነው። እንጨቱን አነሳች። ሊድያ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከመጋቢት አንድ ነበር። ባንቻየሁ ሰማያዊዎቹን ሁሉ አልፋ ጫፉን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈችና «ከዚህ ልጀምር» አለች።